ሾትጋን ወይስ ካርባይን? ከፍኖተ ሰላም ለመጣ ጥያቄ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሰላም ጋሼ፣ ከፍኖተ ሰላም ነው የምጽፍልዎ። ታናሽ ወንድሜ ፖሊስ ነው፤ ክላሽ ነው የሚይዘው። ፊልም ላይ የአሜሪካ ፖሊሶች ከመኪናቸው ሾትጋን መዘው ሲወጡ አያለሁ። አንዳንዶቹ ደግሞ ካርባይን የሚሉትን አጭር ዘመናዊ ጠመንጃ ይዘዋል። ሾትጋን ጊዜው አልፎበታል የሚሉም አሉ። ለፖሊስ ሥራ ዛሬም ይጠቅማል? ለእኛ ፖሊስስ ይሆናል? ከወንድሜ ጋር ተከራክረን አልተስማማንምና እርስዎ ይዳኙን።»

ዳኝነቱን ተቀብያለሁ። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት ተኩስ ሜዳ ላይ ነው፤ ፖሊሶችን የመሣሪያ አያያዝና ተኩስ ሳሠለጥን። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ደብረ ማርቆስ ተቀምጫለሁ። ጆሮዬ ትንሽ ደክሟል፤ የሙያው ዋጋ ነው።

መልሱን አላቆይብህም። ሾትጋን አልሞተም፤ ከወንበሩ ግን ወርዷል። አንድ ፖሊስ አንድ ረጅም መሣሪያ ብቻ ይያዝ ከተባለ ካርባይኑ ይሻለዋል። ለሾትጋን የቀረለት ጥቂት ሥራ ነው። በዚያች ጥቂት ሥራ ግን ዛሬም ቦታ አለው። ወደ እኛ አገር ስትመጣ ደግሞ ጥያቄው ራሱ መልኩን ይቀይራል። እደርስበታለሁ።

በስም እንግባባ መጀመሪያ። ጎጃም ውስጥ ጠመንጃ ያለ ስም አይጠራም። ውጅግራ፣ ቤልጅግ፣ ምንሽር ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው «ጠመንጃ» ብቻ ብትለው «የቱ?» ይልሃል። ሾትጋን ግን እኛ ዘንድ እንደዚያ የገነነ ስም አላገኘም። የአደን ጠመንጃ ይባላል፣ አለቀ። ባለ ሁለት አፈሙዙን አንዳንድ ሽማግሌ ቤት ግድግዳ ላይ አይተኸው ይሆናል። ልዩነቱ ከውስጡ ነው። የክላሽ አፈሙዝ ውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ አለው፤ አንዷን ጥይት እያሾረ ነው የሚሰዳት። የሾትጋኑ ውስጡ ልሙጥ ነው። ከቀለሁ የሚወጣውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጥይት ሳይሆን የድቡልቡል ፍሬዎች መንጋ ነው።

«12 ጌጅ» ሲባል ሰምተሃል። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ብዙ ተኳሽም አያውቀውም። አንድ ፓውንድ እርሳስ፣ 453 ግራም ገደማ ማለት ነው፣ ለ12 እኩል ኳሶች ብታካፍለው የአንዱ ኳስ ወርድ ነው። 18.5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ስለዚህ ነው ቁጥሩ ሲጨምር አፈሙዙ የሚጠበው። 20 ጌጅ ከ12 ጌጅ ያንሳል። ገበያ ላይ እንዳትሸወድ ብዬ አይደለም፤ እንዲያው ደስ ስለሚለኝ ነው የነገርኩህ።

ፖሊስ በብዛት የሚጠቀምበት ቀለህ 8 ወይም 9 ፍሬ ይይዛል። እያንዳንዷ ፍሬ 8.4 ሚሊ ሜትር ትወፍራለች። ሁሉም በአንድ ቃታ ይወጣሉ፤ ፍጥነታቸው በሰከንድ 400 ሜትር ገደማ ነው። ስለግ የሚባልም አለ። እሱ አንድ ወፍራም እርሳስ ብቻ ነው፤ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። የክላሽ ጥይት 8 ግራም ገደማ ነው፤ በሰከንድ 715 ሜትር ይሄዳል። የዘመናዊው ካርባይን 5.56 ሚሊ ሜትር ጥይት ደግሞ የክላሹን ግማሽ ያህል ነው የምትመዝነው። ፍጥነቷ ግን በሰከንድ ወደ 900 ሜትር ይጠጋል።

ካርባይን የሚለው ቃል ለአባቶቻችን አዲስ አይደለም። ኤም ዋን ካርባይን የሚባለው የአሜሪካ መሣሪያ በንጉሡ ዘመን አገራችን ገብቷል። ትርጉሙ አጠር ያለ ጠመንጃ ማለት ነው። የዛሬው የአሜሪካ ካርባይን ኤም 4 አፈሙዙ 37 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ካዝናው 30 ጥይት ይይዛል።

አሁን ወደ ተኩስ ሜዳ ልውሰድህ።

አንድ ክረምት ከአንድ ሽማግሌ የተገኘ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ እጃችን ገባ። ጠመንጃው እንደ መስተዋት ተወልውሎ የተያዘ ነው። ቀለሆቹ ግን የድሮ፣ የወረቀት ናቸው። የጎጃምን ክረምት ታውቀዋለህ፤ ልብስ እንኳ ሳምንት አይደርቅም። ወረቀቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል። አንዱም አልገባ አለ። ሠልጣኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሽማግሌው ቢያዩን ግን ያዝኑብን ነበር።

በኋላ ደህና የፕላስቲክ ቀለሆች አገኘን። ባዶ የሲሚንቶ ከረጢቶች ቀድደን እንጨት ላይ ወጠርን። በ5 ሜትር፣ በ10፣ በ20 እና በ30 አቆምናቸው። ከኋላ የአፈር ቁልል አለ፤ ከቁልሉ ማዶ ባሕር ዛፍ። በ5 ሜትር ፍሬዎቹ ከቡና ስኒ ማስቀመጫ ብዙ ባልሰፋ ቦታ ተሰበሰቡ። በ10 ሜትር ሰሃን አከሉ። በ20 ሜትር ተበታትነው ሙሉ እንጀራ የሚያህል ቦታ ያዙ። በ30 ሜትር ከ9ኙ ፍሬ ወረቀቱን ያገኙት 4 ብቻ ነበሩ።

አንድ ዝምተኛ ሠልጣኝ ነበረ፤ የቢቸና ልጅ። ወረቀቱን ትኩር ብሎ ካየ በኋላ «ጋሼ፣ የቀሩት 5ቱስ የት ሄዱ?» አለኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ሾትጋን የሚጠይቀኝን ሁሉ የምመልስለት በዚህ ጥያቄ ነው። የቀሩት የት ሄዱ? ለወታደር ይህ ትልቅ ጥያቄ ላይሆን ይችላል። ለፖሊስ ግን የሥራው እምብርት ነው። እያንዳንዷ ፍሬ ከአንድ ቦታ ታርፋለች፤ ያረፈችበትን የሚጠየቀው ቃታውን የሳበው ነው።

ደንቡ ሻካራ ነው ግን ይሠራል፤ ለተለመደው ቀለህ በየሜትሩ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሰፋል በል። ዛሬ ፍሬዎቹን ረዘም ላለ ርቀት ሰብስበው የሚይዙ ቀለሆች አሉ። ያም ሆኖ ጠመንጃና ቀለህ እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሳይሞከሩ ይስማሙ አይስማሙ አይታወቅም። የራስህን ጠመንጃ በራስህ ቀለህ ወረቀት ላይ ካልሞከርክ አታውቀውም።

ፊልም ሁለት ነገር ዋሽቶሃል። አንደኛ፣ ሾትጋን ማነጣጠር አይፈልግም ይላል። አሁን እንዳየኸው በ5 ሜትር የቡና ስኒ ማስቀመጫ ነው የሚያህለው። ቤት ውስጥ ካላነጣጠርክ ትስተዋለህ። ሁለተኛ፣ የተመታው ሰው በመስኮት ተወርውሮ ይወጣል። እንዲህ ያለ ነገር የለም። የተመታውን የሚወረውር ጉልበት ቢኖረው ተኳሹንም ይወረውረው ነበር። ግፊቱ ግን እውነት ነው፤ ትከሻ ያደማል። በክላሽ ከወንዶቹ ሁሉ የምትበልጥ አንዲት ሠልጣኝ ነበረችኝ። በሾትጋን ከሦስተኛው ቀለህ በኋላ ገና ሳትተኩስ ዓይኗን መጨፈን ጀመረች። ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ትከሻዋ ቀድሞ እየፈራ ነው።

አሜሪካኖቹ ለምን ሾትጋን ያዙ? ርካሽ ነበረ፣ በየቤቱ ነበረ፣ በቅርብ ርቀት የሚችለው የለም። በፈረስ ሠረገላ ዘመን ከነጂው ጎን የሚቀመጠው ጠባቂ የሚይዘው እሱን ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ ገብቶ ጀርመኖችን አስመርሯቸው በመስከረም 1918 «ሕገ ወጥ መሣሪያ ነው» ብለው አሜሪካ ላይ ተቃውሞ እስከማቅረብ አድርሷቸዋል። (ቀኑንም ዓመቱንም በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ።) ሬሚንግተን 870 የሚባለው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲወጣ ደግሞ በየፖሊስ መኪናው ገባ። ፊልም ላይ «ሽክ ሽክ» ተደርጎ የሚቀባበለው እሱ ነው።

ከዚያ ሦስት ክስተቶች ነገሩን ቀየሩት።

ሚያዝያ 11 ቀን 1986 ማያሚ ላይ 8 የኤፍ ቢ አይ (የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ) ሠራተኞች ሁለት ዘራፊዎችን ገጠሙ። አንደኛው ዘራፊ ሚኒ 14 የሚባል አውቶማቲክ ያልሆነ ካርባይን መሰል ጠመንጃ ነበረው። ከኤፍ ቢ አይ ሁለት ሰው ሞተ። ኤድመንዶ ሚሬሌስ የሚባለው ግራ ክንዱ ተሰባብሮ፣ ሾትጋኑን በአንድ እጁ እያቀባበለ 5 ጊዜ ተኮሰ። በመጨረሻ በሽጉጥ ነው የጨረሳቸው። ብዙ ሰው ይህን ታሪክ የሾትጋን ውዳሴ አድርጎ ያወራዋል። እኔ ሌላም አይበታለሁ። በእጅ የሚቀባበል ሾትጋን ሁለት ጤነኛ እጅ ይፈልጋል። አንዱ እጅህ ከተመታ እንደ ሚሬሌስ ያለ ወኔ ካልኖረህ በቀር ዱላ ሆኖ ይቀራል።

የካቲት 28 ቀን 1997 ሎስ አንጀለስ፣ ሰሜን ሆሊውድ። ሁለት ባንክ ዘራፊዎች ጥይት መከላከያ ለብሰው ወጡ። ፖሊሶቹ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥና ሾትጋን ይዘዋል። እርሳሱ መከላከያውን አልበሳም አለ። ተኩሱ 44 ደቂቃ ያህል ቆየ። ፖሊሶቹ አቅራቢያ ካለ የመሣሪያ ሱቅ ጠመንጃ እስከመዋስ ደረሱ። አስበው፤ ሱቅ ገብቶ «እባክህ ጠመንጃ» የሚል ፖሊስ። ከዚያ በኋላ የከተማው ፖሊስ ኤም 16 የሚባሉ የጦር ጠመንጃዎች ተሰጠው።

ሦስተኛው ሚያዝያ 20 ቀን 1999 የኮለምባይን ትምህርት ቤት ግድያ ነው። ቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ልዩ ቡድን እስኪመጣ ውጭ ጠበቁ፤ ውስጥ ልጆች እየሞቱ። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ የደረሰ ይግባ ተባለ። የሚገባው ሰው ደግሞ በረጅም ኮሪደር ላይ አንድን ሰው ከሌሎች መሀል ለይቶ መምታት አለበት። እዚህ ላይ ነው ካርባይኑ ያሸነፈው። አንድ ጥይት፣ አንድ ቦታ። ግፊቱ ትንሽ ነው። ማነጣጠሪያው ላይ ቀይ ነጥብ ታያለህ፣ ጥይቷም እዚያው ታርፋለች። 30 ጥይት ይይዛል፤ ሲያልቅ ካዝና መቀየር የሰከንዶች ጉዳይ ነው። ሾትጋን ከ5 እስከ 8 ቀለህ ይይዛል። ከዚያ ጣትህ እየተንቀጠቀጠ አንድ በአንድ ነው የምታጎርሰው።

«ካርባይኑ ግን ግድግዳ በስቶ ጎረቤት ይገድላል» የሚል ክርክር ትሰማለህ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቀላሏ 5.56 ጥይት ከግድግዳ ስትጋጭ ትገለባበጣለች፣ ብዙ ጊዜም ትሰባበራለች። ወፍራሞቹ የሾትጋን ፍሬዎች ደግሞ ስስ ግድግዳን ቀጥ ብለው ያልፋሉ። ስለግማ አይነሳ። የክላሽ ጥይት ደግሞ ከ5.56ቷ ትከብዳለች፤ የእኛን የጭቃ ቤት ግድግዳ ማለፍ አይከብዳትም። ቆርቆሮማ ወረቀት ነው። ስለዚህ በዚህ በኩል ሾትጋን በነፃ የሚያመልጥበት መንገድ የለም። የሚሻለው ከርቀቱ ነው። ወፍራሟ ፍሬ ርቃ ብትሄድ 650 ሜትር ገደማ ነው። ትንንሿ የወፍ ፍሬ 300 ሜትርም አትደርስ። የክላሽ ጥይት ግን ወደ ላይ ከተተኮሰች እስከ 3 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ 1,500 ሜትር ላይም ገዳይነቷ አልጠፋም። ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ ለሚተኩሱት ይህን ንገርልኝ።

አሁን ወደ አገራችን።

አካባቢያችን ያለበትን ሁኔታ ታውቀዋለህ። እኔ ስለ ጦርነት አይደለም የምጽፈው። ሰላም ባለበት ቀን ፖሊስ የሚሠራውን ሥራ ነው የማስበው፤ ሌባ መያዝ፣ ጠብ ማብረድ፣ ገበያ መጠበቅ።

ጎጃም ሁለት ዓይነት ሜዳ አለው። አንዱ ገላጣው ነው። የከብት ሌባ ከማዶ ገመገም ላይ ከታየህ መካከላችሁ 200 ሜትር የጤፍ ማሳ አለ፤ ወይም ገደል። እዚያ ሾትጋን የያዘ ፖሊስ ጩኸት ብቻ ነው ያለው። ከ35 ሜትር ወዲያ ፍሬው ማንን እንደሚያገኝ እግዜር ነው የሚያውቀው። በስለግ 100 ሜትር ድረስ የሚመታ አለ፤ ግን ልምምድ ይጠይቃል። ስለዚህ ለገጠር ፖሊስ መልሱ ግልጽ ነው። ክላሹ እዚያ የካርባይንን ሥራ ይሠራል። እሱን አውርዶ ሾትጋን መስጠት ሞኝነት ነው።

ሁለተኛው ሜዳ ገበያው ነው። መናኸሪያው፣ ጠላ ቤቱ፣ ኮብልስቶን የተነጠፈው መንገድ። እዚህ ክላሽ ከልክ ያለፈ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገርህ። ስሟን በማልጠራት አንዲት የምሥራቅ ጎጃም ከተማ ነው። ቅዳሜ ነው፣ ገበያ ነው። ያበደ ውሻ ሁለት ሰው ነክሶ መናኸሪያው አጠገብ ገባ። ሰው ድንጋይ ይዞ ይሮጣል፣ ልጆች ይጮኻሉ። አንድ ወጣት ፖሊስ ደረሰ። ያለው ክላሹ ነው። ስምንት እርምጃ ያህል ላይ ሆኖ ተኮሰ። የመጀመሪያዋ ጥይት ውሻውን ሳተች። ኮብልስቶኑን ነክታ ነጥራ የአንዲት እናት ሱቅ የቆርቆሮ በር በስታ ገባች። ሁለተኛዋ ውሻውን ጣለችው።

ሴትዮዋ ከዚያ በር ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ምስር እየለቀሙ ነበር። ጥይቷ ከመግባቷ ትንሽ ቀደም ብሎ ጀበናው ገነፈለ። ሊያወርዱ ተነሱ። ጥይቷ ከበርጩማው በላይ አልፋ የዘይት ጀሪካን በሳች። ልጁን አላስቀጣሁትም፤ ሌላ ምን ነበረው? በሩ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ግን ሴትዮዋ በለስላሳ ቆርኪ ደፈኗት። ባለፍኩ ቁጥር አያታለሁ።

ለዚያች ስምንት እርምጃ በትንንሽ ፍሬ የተሞላ ሾትጋን ይሻል ነበር። ፍሬዋም ድንጋይ ላይ ትነጥራለች፣ አትሳሳት፤ ከኋላ ሰው ካለ እሱም አይተኮስም። ግን ቀላል ስለሆነች ጉልበቷ ቶሎ ይሟጠጣል። ለጅብም፣ ማሳ ለሚያጠፋ ከርከሮም እንዲሁ ከመኖሪያ አጠገብ የሚሻለው እሱ ነው፤ ቀለሁን እንደ እንስሳው መምረጥ ነው። ለውሻው አንድ ነገር ልጨምር፣ ፖሊሶች አያውቁትም። ጭንቅላቱን አትምቱ። በሽታው የሚረጋገጠው አንጎሉ በላቦራቶሪ ሲመረመር ነው። የተነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ይጠብ፣ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ከሁሉም በላይ ግን ውሻውን አስቀድሞ ማስከተብ ከሾትጋንም ከክላሽም ይረክሳል።

ከውሻው የሚከብደው የሰው ነገር ነው። ጠጥቶ ገጀራ ያነሳ ሰው አለ። ሚስቱ ትጮኻለች፣ ጎረቤት ከቧል። ፖሊሱ ዘንድ ዱላ አለ፣ ክላሽ አለ። መካከሉ ባዶ ነው። በዱላ ከቀረበ ገጀራው ይደርስበታል። በክላሽ ከተኮሰ አንድ ሰካራም ሞተ፤ ጥይቷም አልፋ ሄደች። ለእኛ ፖሊስ የጎደለው ይህ መካከለኛ ደረጃ ነው። ጥያቄው መልኩን ይቀይራል ያልኩህ ለዚህ ነው። ፈረንጁ «ከሾትጋን ወደ ካርባይን እንውጣ ወይ?» ይላል። እኛ ከመጀመሪያው ላይኛው ደረጃ ላይ ነን። ማሰብ ያለብን ስለ መውረጃው ነው።

ሾትጋን እዚህ ላይ አንድ ያልተጠበቀ ጠባይ አለው። የሰጡትን ይበላል። ከእርሳስ ፍሬ ይልቅ በጨርቅ ከረጢት የታሰረ 40 ግራም ያህል እርሳስ የሚተኩስ ቀለህ አለ። ከረጢቱ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም፤ እንደ ጉልበተኛ ቡጢ ነው የሚመታው። ጭንቅላት፣ አንገት ወይም ደረት ላይ ካረፈ ግን ይገድላል። በጣም ከቀረበም እንዲሁ። ታችኛው ሆድና ጭን ላይ ሲያርፍ ሰውየው ይታጠፋል፣ ገጀራው ይወድቃል፣ ነፍሱ አብዛኛውን ጊዜ ትተርፋለች።

ግን ያው መሣሪያ ሁለቱንም ስለሚበላ አደጋው እዚያው ነው። በ2011 ፖርትላንድ ኦሪገን ላይ አንድ ፖሊስ ከረጢት የተኮሰ መስሎት እውነተኛ ቀለህ ተኩሶ ሰው አቁስሏል። ቀለሆቹ ተደባልቀውበት ነው። ለዚህ ነው ብዙ ቦታ የከረጢቱን ሾትጋን ሰደፍ ብርቱካናማ ወይም አረንጓዴ የሚቀቡት። እውነተኛ ቀለህ በጭራሽ አይጎርስም፤ ቀለሁም ለብቻው ይቀመጣል። አንዳንዶች ይህም አላሳመናቸውም። ሾትጋኑን ጨርሰው ትተው 40 ሚሊ ሜትር ስፖንጅ ጫፍ ጥይት ወደሚተኩስ መወርወሪያ ሄደዋል። መልኩም አይምታታም፣ አመታቱም ይበልጥ ትክክል ነው። ገንዘብ ቢኖር እኔም እሱን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ላይ ግን አልደራደርም። ሾትጋን ለሕዝብ ሰልፍ አይወጣም። ካሽሚር ውስጥ የሕንድ ኃይሎች ከ2010 ጀምሮ ትንንሽ የብረት ፍሬ በሾትጋን ሰልፈኛ ላይ ተኮሱ። «አይገድልም» ተብሎ ነበር። በ2016 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ሕፃናት ጭምር፣ ዓይናቸው ተጎዳ። ብዙዎች ታወሩ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት በ2020 ባወጣው መመሪያ ከሾትጋን የሚተኮሱ የብረት ፍሬዎችን ጭራሽ አትጠቀሙ ይላል። ብዙ ፍሬ በአንድ ጊዜ መተኮስም ከሕጉ ጋር እንደማይሄድ ያስረዳል። የቢቸናው ልጅ ጥያቄ ነው፤ የቀሩት የት ሄዱ? ሰልፍ ውስጥ የቀሩት ሁሉ ሰው ላይ ነው የሚያርፉት።

ሌላም ሥራ አለው፤ የተቆለፈ በር መክፈት። ወደ ዱቄት የሚበታተን ልዩ ቀለህ አለ። ይህ የልዩ ቡድን ሥራ ስለሆነ ወንድምህን አይመለከተውም። የእኛ በር ደግሞ አብዛኛው በአንድ እርግጫ ይከፈታል።

ወጪው እንዳይረሳ። የክላሽ ጥይት አገር ውስጥ ይመረታል፤ አምቦ አካባቢ ያለው ሆሚቾ ፋብሪካ አለልን። የሾትጋን ቀለህ ግን በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው። ከረጢቱ ደግሞ ይብሳል። መሣሪያውን ገዝተህ መለማመጃ ቀለህ ካልገዛህ ያው የሽማግሌው ጠመንጃ ሆኖ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ልምምዱ ደግሞ የግድ ነው። ክላሽ የለመደ እጅ ሾትጋን ሲይዝ ሲጨነቅ ማቀባበል ይረሳል፤ ወይ በግማሽ ስቦ ይተዋል። ቀለሁ ይቀረቀራል። ሜዳ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ፤ አንዱ ሠልጣኝ ቃታውን ደጋግሞ እየሳበ «እምቢ አለኝ ጋሼ!» ሲል።

እኔ ብጠየቅ እንዲህ አደርጋለሁ። ክላሹ ከገጠር ፖሊስ አይነሳም። ከተማ ውስጥ ግን ለአንድ ጣቢያ ሁለት ሾትጋን ይበቃል። አንዱ ሰደፉ ብርቱካናማ፣ ለከረጢት ብቻ። ሌላው ለእንስሳ። እያንዳንዱን የሚይዙ ሦስት ሦስት የሠለጠኑ ሰዎች፤ በየሦስት ወሩ ወረቀት ላይ የሚሞከሩ። ሁሉም ሰው አይይዘውም። ሁሉም ሰው የሚይዘው መሣሪያ ማንም በደንብ አያውቀውም።

ማንኛችሁ የቱን እንደያዛችሁ አልነገርከኝም። «ሾትጋን ጊዜው አልፎበታል» ያለው አንተ ከሆንክ ተረተሃል አልልህም፤ ለዋና መሣሪያነት ልክ ነህ። «ይጠቅማል» ያለው ወንድምህ ከሆነም በርበሬ ተራ ውስጥ ልክ ነው። የክርክሩን ቡና ግማሽ ግማሽ ክፈሉት።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን ወንድምህን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። በያዘው ክላሽ ለመጨረሻ ጊዜ ኢላማ ላይ የተኮሰው መቼ ነው? ስንት ጥይት? መልሱን ጻፍልኝ። ከሁለት ዓመት በላይ ከሆነ ስለ ሾትጋን የጻፍኩልህን ለጊዜው ተወውና ስለዚያ እናወራለን።